ጎልድስቶንን ፍለጋ፦ ከሎንግሪች እስከ ሚድልተን

የጉዞው ምክንያት አንድ ፊልም ነው። ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ በሚገኘው ቤቴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ከአክስቴ ልጅ ጋር አየነው። ስሙ «ጎልድስቶን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአውስትራሊያ የወንጀል ፊልም ነው። ጄይ ስዋን የሚባል የአገሬው ተወላጅ መርማሪ ፖሊስ አንዲት የጠፋች ቻይናዊት ወጣት ሲፈልግ በረሃ ውስጥ ወዳለች የወርቅ ማዕድን ከተማ ይመጣል። በከተማዋ ያለው ፖሊስ አንድ ወጣት ብቻ ነው። የማዕድኑ ኃላፊና ከንቲባዋ ተስማምተው ይሠራሉ። ቻይናውያን ወጣት ሴቶች በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ የመጡበት ወጪ ዕዳ ሆኖ ይጻፍባቸዋል፤ ፓስፖርታቸው ይያዛል፤ ማታ ማታ ለማዕድን ሠራተኞቹ ይቀርባሉ።

የአክስቴ ልጅ ወደ አውስትራሊያ ከመምጣቷ በፊት በአንድ የዐረብ አገር አራት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ደላላው የላካት ገና በ19 ዓመቷ ነበር። ፓስፖርቷን ማዳሟ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ስለነበር አራቱን ዓመት በሙሉ ዓይኗ አላየውም። ፊልሙ የፓስፖርቱ ነገር ላይ ሲደርስ ጀበናውን ከረከቦቱ ላይ እንዳነሣች እጇ ቆመ። ሲያልቅም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ይህ ቦታ የት ነው?»

ከተማዋ የፈጠራ ናት፤ ካርታ ላይ የለችም። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት፣ ከዊንተን ከተማ በስተ ምዕራብ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኝ ሚድልተን በምትባል ሥፍራ አካባቢ ነው። የአምስት ቀን ፈቃድ ወስደን ሄድን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. — ሎንግሪች

ከሜልበርን ብሪስበን፣ ከብሪስበን ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ሎንግሪች። ከብሪስበን ከተነሣን በኋላ አረንጓዴው ቀስ በቀስ አለቀና ከሥራችን ያለው ምድር ቀይና ግራጫ ሆነ፤ መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። አዘጋጁ አይቫን ሴን በፊልሙ ውስጥ ካሜራውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ቁልቁል የሚያሳየን ይህንኑ ነው። መኪናዋ እንደ ጉንዳን ታክላለች፣ መንገዱ አንድ መስመር ነው፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ማንም የለም። ሴን እናቱ ከአገሬው ተወላጆች፣ ከጋሚላሮይ ሕዝብ ናቸው፤ ይህን ፊልም ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አርትዖ፣ ሙዚቃውንም ራሱ ሠርቶታል። በአውሮፕላኑ መስኮት ሳይ ነበር ለምን ቀረጻውን ለሌላ ሰው አልሰጥም እንዳለ የገባኝ።

ሎንግሪች አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ግዙፍ ቦይንግ 747 ቆሟል። የካንታስ ሙዚየም ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተው በዚሁ በረሃ ውስጥ ነው። በዝናብ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳምንታት የሚዘጋበት አገር አውሮፕላንን ቀድሞ መፈለጉ አያስገርምም።

በማረፊያው መኪና ተከራየን፤ በቀን 118 ዶላር። ውሉን የሰጠን ወጣት አንድ አንቀጽ በጣቱ እየጠቆመ ሁለት ጊዜ አነበበልን፦ ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካሽከረከርን ኢንሹራንሱ አይሠራም። ምክንያቱ ካንጋሮ ነው፤ ሲመሽ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ሰዓቱ ወደ አሥር ተኩል ሆኖ ስለነበር ዊንተን ለመግባት ያሰብነውን ትተን እዚያው አደርን። ባለ ሁለት አልጋ ክፍል 165 ዶላር። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያ ስትጠይቅ የአክስቴ ልጅ ፓስፖርቷን ከአንገቷ ከተንጠለጠለው ቦርሳ አወጣች፤ ገልጣ አሳየች፤ ከእጇ ግን አልለቀቀችውም። የአውስትራሊያ መንጃ ፈቃድ አላት። ለምን እሱን እንዳልሰጠች አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12 — ዊንተን

ከሎንግሪች ዊንተን 180 ኪሎ ሜትር ነው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ገበሬ ቢያየው ምራቁን የሚውጥለት ዓይነት። ግን አይታረስም። እስከ አድማስ ድረስ ቢጫ ሣር ብቻ ነው፤ ከብትና በግ ይሰማራበታል። እኛ አገር ሐምሌ ሰማይ የሚቀደድበት ወር ነው፤ እዚህም ክረምት ይሉታል፣ ነገር ግን አንዲት ጠብታ የለም፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። በመንገዱ ዳር የተገጩ ካንጋሮዎች ወድቀዋል፤ ጭልፊቶች ከላያቸው የሚነሡት መኪናችን ሊደርስባቸው ሲል ነው። የኢንሹራንሱን አንቀጽ ያኔ አመሰገንሁት።

መንገድ ላይ የአክስቴ ልጅ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ እውነት እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ሙስና አለ? ወይስ ለፊልም ብለው ነው?» ይህ ጥያቄ ከብዙ ወገኖቻችን የምሰማው ነው። እዚህ የመጣን ሰዎች መንግሥት ቤት ጉዳያችን በወረፋ ሲፈጸም ስናይ ሙስና የሚባል ነገር ከቦሌ ማዶ የቀረ ይመስለናል። የኩዊንስላንድን ታሪክ ነገርኋት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1987 በአንድ የቴሌቪዥን ዘገባና በጋዜጠኞች ምርመራ የፖሊስ ኃላፊዎች ከቁማር ቤቶችና ከሴተኛ አዳሪ ቤቶች ገንዘብ እንደሚቀበሉ ተጋለጠ። ቶኒ ፊትዝጀራልድ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። ክፍለ ግዛቱን ከ19 ዓመት በላይ የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ፤ ሚኒስትሮች ታሰሩ፤ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 የ14 ዓመት እስራት ተፈረደበት። «ኮሚሽነሩ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። አዎ፣ ኮሚሽነሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ዝም ብላ ሄደች።

ዊንተን ሕዝቧ አንድ ሺሕ የማይሞላ፣ ዋና ጎዳናዋ ግን እንደ ትልቅ ከተማ የሰፋ ናት። ድሮ የበሬ ጋሪዎች ዞረው እንዲመለሱበት የተለካ ስፋት ነው ይላሉ። ሆቴላችን ገብተን የአክስቴ ልጅ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ እንደከፈተች ወጥታ መጣች፤ የፍሳሽ ቧንቧ ፈንድቷል አለችኝ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። የሆቴሉ ሴትዮ ሳቀችና አስረዳችን፦ ውሃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ ሲወጣ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቀዝቅዞ ነው ወደ ቤት የሚገባው፤ ሽታው ድኝ ነው። ይህን ጊዜ ፍልውሃ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ እዚያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃውን ነገር ወድደውት አይደለም? የዊንተን ሰዎች ግን ፍልውሃ ሄደው አይታጠቡም፤ ፍልውሃው እቤታቸው ድረስ ይመጣል። ከታጠብን በኋላ ቆዳችን ቅቤ የተቀባ ያህል ለሰለሰ።

ምሳ ላይ ችግር ገጠመን። ረቡዕ ነው፤ በዚያ ላይ የሚካኤል ዕለት ነው፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጾም አትሽርም። በአገራችን አስተናጋጁ ራሱ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ የምግብ ዝርዝሩ የበሬ፣ የዶሮ፣ የበግ እያለ ያልቃል። ሰላጣው እንኳን አይብ አለበት። ወጥ ቤቷ ወጥታ ነገሩን ሰማችን፤ ሃይማኖት መሆኑን ስትረዳ ፊቷ ተለወጠ፤ የተጠበሰ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲምና ዱባ በዘይት ሠርታ አመጣች። 14 ዶላር። ዱባው ከሚጥሚጣችን ጋር ሲሆን ግሩም ነበር። ሚጥሚጣ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የቆመውን ጣሪያ የለሽ ሲኒማ ቤት ጎበኘን። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የሸራ ወንበሮች፣ ከላይ ሰማይ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ የፊልም ፌስቲቫል ይደረግበታል። የመርማሪው ጄይ ስዋን ታሪክ የመጀመሪያው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ አብዛኛው የተሠራው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ነው። ጽዳት የሚሠሩ አንድ አዛውንት የተኩሱ ትዕይንት የተቀረጸበት ኮረብታ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ በእጃቸው አሳዩን። መርማሪውን የሚጫወተው አሮን ፔደርሰን ጠጥቶ የተቀመጠበትን ወንበርም አሳዩን፤ ስለዚያ የመጀመሪያ ፊልም ታሪክ ስጠይቃቸው ግን ጨዋታ ቀየሩ። ታሪኩ ከተማው ውስጥ ስለተገደለች አንዲት የአገሬው ተወላጅ ልጃገረድና ገዳዮቿን ማንም ለመፈለግ ስላለመፈለጉ ነው። ዊንተን የኮአ ሕዝብ ምድር ናት። ጎዳናው ላይ ግን በሙሉ ቀን ያየሁት የአገሬው ተወላጅ ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13 — ወደ ሚድልተን

ነዳጅ ሞላን፤ በሊትር 2 ዶላር ከ15 ሳንቲም። ከዊንተን እስከ ቡሊያ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከል የነዳጅ ማደያ አለ ብላችሁ አትተማመኑ ብለውን ነበር። ሃያ ሊትር ውሃም ጫንን።

አስፋልቱ ብዙ ቦታ ላይ የአንድ መኪና ስፋት ብቻ ነው። ከፊት መኪና ሲመጣ ሁለታችሁም አንድ አንድ ጎማ ጠጠሩ ላይ አውርዳችሁ ትተላለፋላችሁ። ባለ ሦስት ተሳቢ የጭነት መኪና ሲመጣ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ርዝመቱ እስከ 53 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ለማንም አይወርድም፣ መውረድም አይችልም። አንተ ሙሉ በሙሉ ወርደህ ትቆማለህ። አንዱ ከብት የጫነ ከሩቅ አቧራ ሲያስነሣ አየሁና ወረድሁ፤ አወራረዴ ግን ፈጠነ። ጠጠሩ ሥር የነበረ ስለታም ድንጋይ የኋላ ጎማችንን ቀደደው።

ስኮርታውን አወጣን። ክሪኩ አለ፤ ቡሎኖቹ ግን በማሽን የተጠበቁ ናቸውና አልላላም አሉ። መፍቻው ላይ ቆሜ ዘለልሁበት፤ እሷም ዘለለችበት፤ አልሆነም። የስልክ መስመር የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ማንም አላለፈም። ዝምታው ምን ያህል እንደሆነ ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ የራሴ የልብ ምት ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ ተጎታች ቤት የሚስቡ ባልና ሚስት ጡረተኞች መጡ። ምን ሆናችሁ ሳይሉ ሰውዬው ረጅም የብረት ቱቦ አውጥቶ መፍቻው ላይ ሰካበትና አምስቱንም ቡሎን በሦስት ደቂቃ ፈታ። ገንዘብ ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ፊቱን አዞረ። ሚስቱ ለአክስቴ ልጅ ሻይ ቀዳችላት።

ስኮርታው ቀጭን ነው፤ ከ80 በላይ አይነዳም። ቡሊያ መድረሱን ተውነውና ሚድልተን ላይ ቆምን።

ሚድልተን ማለት አንድ ሆቴል ማለት ነው። በድሮው ዘመን ከዊንተን ወደ ቡሊያ የሚጓዘው የፈረስ ሠረገላ ፈረስ የሚቀይርበት ጣቢያ ነበር። አንድ የእንጨት ቤት፣ በረንዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከመንገዱ ማዶ ምሰሶ ላይ የተሠራ ጥላ አለ፤ «ሂልተን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ መንገደኛ ያለ ክፍያ ያድርበታል። የአክስቴ ልጅ ጽሑፉ ሥር ቆማ ፎቶግራፍ ተነሣችና ለእናቷ ላከችው፤ ያው መስመር ስለሌለ የደረሰው በማግስቱ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ 22 ዓመት አንሶላ አጥባለች።

የጎልድስቶንን ከተማ ፈለግን። የፖሊስ ጣቢያው፣ የከንቲባዋ ቢሮ፣ የማዕድኑ አጥር፣ ምንም የለም። ጠጠርና ሣር፣ ከሩቅ አናታቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ቀይ አምባዎች። አምባዎቹን ሳይ መርማሪው ብቻውን የሚቆምበት ቦታ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። እነሱ ብቻ እውነተኛ ናቸው።

ጡረተኞቹም እዚያው አደሩ። ሲመሽ ብርዱ በረታ፤ እኛ መኪና ውስጥ ልናድር ነው። ሴትዮዋ ሁለት ብርድ ልብስና ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ውስጡ ራሷ የጋገረችው የዘቢብ ኬክ ነው። «ወደ ዊንተን ቅዳሜ ማታ እንገባለን፤ ዕቃዋን የተጎታች ቤቶች ማረፊያው ቢሮ ተዉልኝ» አለችን።

ያን ኬክ እየበላሁ የከንቲባዋ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገባ። በፊልሙ ጃኪ ዊቨር የምትጫወታት ከንቲባ ሽጉጥ አትይዝም፣ አትጮኽም። በእጇ የጋገረችውን ፓይ ይዛ እየሣቀች ትመጣለች። ወጣቱ ፖሊስ ጆሽ ክፉ ሰው አይደለም። ፓይ በላ፣ ተመሰገነ፣ ዓይኑን አዞረ። ፊልሙን ቤቴ ሆኜ ሳየው በዚህ ልጅ ተናድጄ ነበር። ሚድልተን ሌሊት ላይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እዚህ ጎማህ ሲፈነዳ የሚያወጣህ ጎረቤትህ ነው፤ ስትታመም የሚጭንህ እሱ ነው፤ ከእሱ በቀር ሰው የለም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ያመጣልህን ሰሃን እንዴት አልቀበልም ትላለህ? ከተቀበልህ በኋላስ በሩን ስታንኳኳ ምን ብለህ ነው? በእኛ ቋንቋ ጉቦ አለ፣ መማለጃ አለ፣ ደግሞ እጅ መንሻ አለ። እጅ መንሻው አክብሮት ነበር፤ ማር፣ ሙክት፣ ሞሰብ። ከአክብሮት ወደ መማለጃ የተሻገረበትን ቀን ግን የሚያስታውስ የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚያሳድጉን እኮ የሚወዱን ሰዎች ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ያየችው ሌላ ነው። «እኔ ያለሁበት ቤት ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር» አለችኝ፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅዋ ብቻ ይሰማኛል። «ጎረቤቶቹ ጩኸት ሰምተው ነው። ማዳም ቡናና ቴምር አቀረበችለት። ያፈላሁት እኔ ነኝ። ትሪውን ይዤ ፊቱ ቆሜ ነበር፣ ጋሼ። አላየኝም።»

የምላት ጠፋኝ። ከዋክብቱ ምድር ድረስ ወርደው ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 14 — ወደ ዊንተን መመለስ

በስኮርታ እየተንቀራፈፍን 170 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት ገደማ ጨረስን። በመንገድ ላይ የፊልሙን ሌላ ክፍል እያነሣን ስንጫወት መጣን። ማዕድኑ እንዲስፋፋ የመሬቱ ባለቤቶች ፊርማ ያስፈልጋል። በአውስትራሊያ ሕግ የአገሬው ተወላጆች የመሬት መብት በፍርድ ቤት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ በማግስቱ ዓመት በወጣው አዋጅ ከማዕድን ኩባንያ ጋር የመደራደር መብት አገኙ፤ እምቢ ብሎ የማስቀረት መብት ግን አላገኙም። ለዚህ ነው በፊልሙ አንዱ መሪ በገንዘብ ሲገዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈው ታላቁ ተዋናይ ዴቪድ ጉልፒሊል የሚጫወታቸው ሽማግሌ አልፈርምም ማለታቸው እንዲህ የሚከብደው። ምን እንደደረሰባቸው ላላየው ሰው አልናገርም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ አንድ የማዕድን ኩባንያ 46 ሺሕ ዓመት የሰው ልጅ የኖረበትን ዋሻ በድማሚት አፈረሰው፤ በሕግ ፈቃድ ነበረው። የአክስቴ ልጅ የለገደንቢን ነገር አነሣች። የጉጂ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 የወርቅ ማውጫው ፈቃድ ለአሥር ዓመት መታደሱን ሰምቶ፣ ልጆቻችን አካለ ጎደሎ ሆነው እየተወለዱ ነው ብሎ ወጥቶ ፈቃዱን አሳግዷል። እሷ የሻኪሶ ልጅ የሆነች ጓደኛ ነበረቻት፤ በዚያው በዐረብ አገር።

ዊንተን ልንገባ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ፖሊስ አስቆመን። ብቻውን ነው፤ ሠላሳ የሞላው አይመስልም። የአልኮል መመርመሪያውን ነፋሁ፤ ስኮርታውን አየና ጎማ የሚሸጥበትን ነገረን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአክስቴን ልጅ አያትና «አንቺስ ደኅና ነሽ?» አላት። ከእኔ ጋር የምትጓዝ ሴት ደኅና መሆኗን መጠየቁ ነው። በቀጥታ ዓይኗን እያየ ነበር። ደኅና ነኝ አለችው። ሲሄድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች፤ እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኋት።

አዲሱ ጎማ 290 ዶላር። ጎሚስታው የተቀደደውን አገላብጦ አይቶ በነፃ ጣለልን። የመኪናው አከራይ የጎማውን ዋጋ አንከፍልም አለን፤ ስለዚህ ካላሰብናቸው ወጪዎች ትልቁ እሱ ሆነ። ምሳ ዱባ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 15 — ዊንተን፣ ሎንግሪች

ዓርብ ጾም ስለነበር የዘቢብ ኬኩ ሳይነካ አድሮ ነበር። ጠዋት በሆቴሉ በረንዳ ላይ ከቡና ጋር ጨረስነው። አውሮፕላናችን ከሰዓት በኋላ ነው፤ የቆርቆሮ ዕቃዋን የተጎታች ቤቶች ማረፊያው ቢሮ ጥለን መውጣት አለብን። አጥቤ አደረቅሁና መኪናው ላይ ላስቀምጥ ስል የአክስቴ ልጅ ተቀበለችኝ። «የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ፣ ጋሼ?»

ሻንጣዋን ከፍታ ለመንገድ ብላ ከፉትስክሬይ የቆላችውን የገብስ ቆሎ አወጣች። ሱፍና ኦቾሎኒ ገብቶበታል። እስከ አፉ ሞላችው፣ ነቅነቅ አድርጋ ደግሞ ጨመረችበት። ከላይ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚበላ ጻፈች፦ በእጅ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሰው እየተጨዋወተ። የቢሮው ሰውዬ ክዳኑን ገልጦ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቃት። ለራሱም እፍኝ ዘግና ሰጠችው።